ብሌን ከፋች ጠብታና የእንስሳት ዓይን

የግሸን አምባ ዙሪያውን ገደል ነው። በአምባሰል ተራሮች በቅሎ ጭነት የሚጫናት፣ ሰው የሚቀመጥባት ዓይኗን አምኖ ነው። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም በበቅሎ ዓይን ላይ ስለሚያንጠባጥበው መድኃኒት ባለቤቱ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ አለ። እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም ባልሆንም፣ ነገሩ ሁለቱንም ሙያ ይነካል።

ብሌን በዓይን መካከል የምናየው ጥቁር ቀዳዳ ነው። በብርሃን ይጠባል፣ በጨለማ ይሰፋል። አትሮፒንና ትሮፒካማይድ የሚባሉት ጠብታዎች ብሌኑን የሚያጠበውን ጡንቻ ስለሚያላሉ ቀዳዳው ሰፍቶ ይቆያል። ትሮፒካማይድ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለሚለቅ ለምርመራ ይመረጣል። አትሮፒን ደግሞ የዓይን ውስጠኛ ክፍል ሲቆጣ ሕመሙን ለማስታገስና ብሌኑ ከሌንሱ ጋር እንዳይጣበቅ ለመከላከል ያገለግላል፤ በጤነኛ የፈረስ ዓይን ላይ ግን ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ጠብታው በሁሉም እንስሳት ላይ እኩል አይሠራም። የዶሮና የአሞራ ብሌን የሚንቀሳቀሰው በሌላ ዓይነት ጡንቻ ስለሆነ አትሮፒን አይከፍተውም። ከጥንቸሎች አንዳንዶቹ አትሮፒንን የሚሰባብር ኢንዛይም በደማቸው አላቸው። ድመት መራራው ጠብታ በእንባ ቧንቧ ወደ አፏ ሲወርድ ለሃጯ ይዝረበረባል። በፈረስ፣ በበቅሎና በአህያ ላይ አትሮፒን ሲደጋገም ወደ ደም ገብቶ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ቁርጠትም ሊያስከትል ይችላል። በመሆኑም ባለቤቱ ፋንድያቸውን መከታተል አለበት። የዓይን ግፊት ሕመም (ግላኮማ) ላለበት እንስሳ ጠብታው አደገኛ ነው።

በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር ከአትሮፒን ጋር አንድ ወገን የሆኑ መርዞች አሉበት። መጠኑ ስለማይታወቅ ጨምቆ በዓይን ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከጠብታው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ብሌኗ የተከፈተ በቅሎ የቀትር ፀሐይን መቋቋም ይቸግራታል፤ እግሯን የምታሳርፍበትንም አጥርታ ላታይ ትችላለች። ብሌኗ እስኪጠብ ድረስ በጥላ ሥር ትቆይ፣ አትጫን፣ አይቀመጡባት።

ይህ ምክር ብቻ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል የሚመጣ ምዕመን ብሌኗ ከተከፈተ በቅሎ ላይ ቢወድቅ፣ ባለቤቱ «አላወቅሁም» ማለቱ አያድነውም። በእኔ አስተያየት ጠብታውን ያደረገ ሐኪምም መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደሚቆይ ለባለቤቱ ሳይነግር ሊለየው አይገባም።