ደም የጠማው ካሳ እና የልብስ መንታው

ቫምፓየር የሚባለውን ፍጡር ያስተዋወቀን የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። ጥቁር ካባ፣ የገረጣ ፊት፣ ሁለት ሹል ጥርስ... ሰውዬው ደግሞ ሁልጊዜ መልከ መልካምና አፈ ቅቤ! ሴቶቹ አንገታቸውን የሚሰጡት ተገደው ሳይሆን ወደው ነው። የኛ አገሩ የታለ ብለን ስንከራከር መጀመሪያ የመጣልን ቡዳ ነበር።

ቡዳ ከድራኩላ አያንስም። ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑ ይበላል፤ የበላውንም ሰው ከመቃብር ያወጣዋል ይባላል። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን የኖረው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቡዳ በሰፊው ጽፏል፤ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ ወሬ በዚያ ዘመን የፈረንጅ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ግን ቡዳ ለኛ ጥያቄ አይሆንም። ቡዳ እየተባለ የኖረው ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ነው፤ ማረሻውንና ድስቱን እየሠራ ያበላን ሰው። ምንም ያላደረገ ሰው በስሙ ይፈራል። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ የሚወደድና ደሙን በእርግጥ ያፈሰሰ።

የሩማንያውን ቭላድን አስታውሱ። የብራም ስቶከር ልብ ወለድ በ1897 እ.ኤ.አ. ድራኩላ የሚለውን ስም የተዋሰው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መስፍን ነው። ያ መስፍን ለሌላው ዓለም ሰው በእንጨት የሚሰካ ጭራቅ ሲሆን ለአገሩ ሰው ቱርክን የተቋቋመ ጀግና ነው። ራዱ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ በልጅነታቸው አብረው በቱርኮች እጅ መያዣ ሆነው ኖሩ፤ በኋላ ዙፋኑን የወሰደበት ይኸው ወንድሙ ነው። ጀግናም ጭራቅም የሆነ ሰው... ለኛስ ማን ይመጣላችኋል?

ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት ጨርሳችሁ አንብቡን። ቲሸርታችን ላይ ያለው ባለ ሹሩባው ሰውዬ ነው።

ካሳ ኃይሉ በሕግ ዓይን ሽፍታ ነበር። ወንድሙ ደጃዝማች ክንፉ ሲሞት ርስቱን አጣና ቋራ ጫካ ገባ። ሽፍታ ግን እንዴት ያለ ሽፍታ! ዘርፎ ያገኘውን ከሰዎቹ እኩል ይካፈላል፤ ለገበሬው ማረሻና በሬ መግዣ ገንዘብ ይሰጣል። እናቱ ኮሶ ትሸጥ ነበር ተብሎ ይሰደብ ነበር፤ እናም ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባለው የእቴጌ መነን ሰው "የኮሶ ሻጯን ልጅ" ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ወጣ። ተማረከ። ካሳ አልገደለውም፤ ኮሶ አጠጣው! ጎንደር ምን ያህል እንደሳቀ መገመት አያቅትም። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ማግባቱ፣ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ማሸነፉ፣ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ መንገሡ... ይህን ሁሉ ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ።

መንታው ጋ እንምጣ። የነገሥታቱ ግቢ ውስጥ ሊቀ መኳስ የሚባል ሹመት ነበር። ሥራው በአጭሩ ንጉሡን መምሰል ነበር። በጦር ሜዳ የንጉሡን የመሰለ ልብስ ለብሶ ይሰለፍ ነበር፤ ጠላት ካነጣጠረ እሱን ይምታ። ቴዎድሮስ ይህን ሹመት የሰጠው ጆን ቤል ለሚባል እንግሊዛዊ ነው። ፈረንጅ እንዴት ቴዎድሮስን ይመስላል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ከሩቅ ግን የሚታየው ልብስ እንጂ ፊት አይደለም። ቤል መጀመሪያ የራስ ዓሊ ሰው ነበር፤ ከአይሻል በኋላ ወደ ካሳ ገባ፤ አገራችን አግብቶ ወለደ፤ ቋንቋውን ለመደ። ንጉሡ በተኛበት ደጃፍ ላይ ይተኛ ነበር ይባላል። ንጉሡን የሚቆጣና የሚያበርድ ሰው ነበር የሚሉም አሉ። ሥጋ ያላገናኛቸው፣ ልብስ የቆረበላቸው መንታዎች በሏቸው።

የሁለቱ ወዳጅ የነበረው ቆንስል ፕላውደን በ1860 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወደ ምጽዋ ሊሄድ ሲል ጎንደር አጠገብ በጋረድ ሰዎች ቆሰለና ሞተ። ጋረድ የክንፉ ልጅ፣ ማለትም የንጉሡ የወንድም ልጅ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቴዎድሮስ ጋረድ ላይ ዘመተ። ጋረድ በቀጥታ ወደ ንጉሡ ሲመጣ ቤል መሀል ገባ። ሊቀ መኳስ የተሾመበትን ሥራ ሠራ፤ በንጉሡ ፋንታ ሞተ። ጋረድም ከዚያ ሜዳ አልተመለሰም። ከዚያ የሆነው ነገር ለቲሸርት አይሆንም፤ እጅ የሰጡት የጋረድ ሰዎች በብዛት ታረዱ።

ታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሡን ውድቀት ሲያስረዱ የቤተ ክህነትን መሬት መንካቱን፣ የማያባራውን ዓመፅ፣ የሠራዊቱን መክዳት ያነሳሉ። ልክ ናቸው። ተዋበችም ከቤል ሁለት ዓመት ቀድማ፣ በ1850 ዓ.ም. ሞታለች። እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንድይራድን ኮሶ አጠጥቶ የለቀቀው ካሳና ከቤል ሞት በኋላ ያለው ንጉሥ አንድ ሰው አይመስሉም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጠለ። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የአሮጌ ጦርነት ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እስላምጌ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የገዛ አገሩን እስረኞች ገደል አስወረወረ። ብዙዎቹ እንደታሰሩ ነበሩ። ቪዲዮ ቤት ያየነው ካባ ለባሽ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል አልጠጣም።

ይህን ታሪክ ከሰቆጣ ብታዩት ደግሞ ሌላ ነው። የዋግ ምድር፣ ከሰቆጣ እስከ ፃግብጂ፣ ከዛግዌ ዘር እንወለዳለን በሚሉ ዋግሹሞች ሲተዳደር የኖረ ነው። ዋግሹም ገብረመድኅን በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደለ። ልጁ ጎበዜ በተራው ሸፈተ! ሽፍታ ሆኖ የነገሠው ሰው አባት ገድሎ ሌላ ሽፍታ ፈጠረ ማለት ነው። የቫምፓየር ፊልም የተመለከተ ይህን ሕግ ያውቀዋል፤ የተነከሰ ይነክሳል።

ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጎረሰ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከለት ስጦታ ነበር። በእሱ ፋንታ የሚሞት ሊቀ መኳስ በዚያን ቀን አልነበረም። ጎበዜም ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። እንግሊዞቹ ግን መድፍና ጠመንጃቸውን ትተው የሄዱት ስንቅና መንገድ ላመቻቸላቸው ለሌላ ካሳ ነው፤ ለትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ የሟቹ ሞክሼ። የዚህ የሁለተኛው ካሳ እህት ድንቅነሽ ደግሞ የጎበዜ ሚስት ናት። ይህም ካሳ ጎኑ ላይ አንድ እንግሊዛዊ ነበረው፤ ጆን ኪርክሃም ሠራዊቱን ያሠለጥንለት ነበር። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አማቾቹ ተጋጠሙ። በቁጥር የበለጠው ጎበዜ ተሸነፈ፤ ተማረከ፤ እስር ላይ እንዳለ ሞተ። ሞክሼው ዮሐንስ አራተኛ ተባለ።

የእንግሊዝ ወታደሮች ከአስከሬኑ የቆረጡት የቴዎድሮስ ጸጉር ለንደን ውስጥ ሙዚየም ተቀምጦ ኖረና በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። አቀባበሉን ሁላችንም በፎቶ አይተነዋል። በዚያ ሰሞን ዋግሹም ገብረመድኅን የት ተቀበረ ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ግን እኛ አላየንም።