ስለ ንባብ ቤትና ስለ ተማሪዎች በዓል

በኢዮቤልዩ ዕለት ሰው ሁሉ ሕንፃውን ያደንቃል፤ ያሠሩትንም ያመሰግናል። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብዙ ጊዜ ግድግዳ የሌለው ሌላ ቤት ነበረ። እርሱም ሕፃናት ፊደል የሚቈጥሩበት ንባብ ቤት ነው። የዛፍ ጥላ ወይም የአንድ ጎጆ ደጃፍ ይበቃው ነበር። ዛሬ ስለ ደወሉና ስለ ጕልላቱ ስንናገር እርሱን ብንረሳ ውለታ ቢስ እንዳንባል፤ ታሪኩን በአጭሩ መጻፍ ወደድን።

ሕፃኑ አስቀድሞ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ዐይነታቸው፤ ይኸውም 231 ሆሄያትን፤ በስንደዶ እየጠቈመ ይቈጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳን፤ ከዚያም የዮሐንስን መልእክትና ወንጌሉን ያነባል። ንባቡ በግዕዝ፤ በውርድና በቁም ንባብ ከተቃና በኋላ ዳዊት ይገባል። 150ውን መዝሙር ከጸሎተ ነቢያት፤ ከመኃልየ መኃልይና ከውዳሴ ማርያም ጋራ የጨረሰ ልጅ ዳዊት ደገመ ይባላል። በዚያን ቀን ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው መምህሩን ያከብራሉ፤ ጎረቤትም የደስታው ተካፋይ ይሆናል።

አንድ የኔታ ይህን ሁሉ ልጅ እንዴት ሊያደርሰው ቻለ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፤ መልሱ ብቻውን አልነበረም የሚል ነው። ዳዊት የደረሰው ወንጌል ለሚያነበው፤ ወንጌል የሚያነበውም ፊደል ለሚቈጥረው ያስተምር ነበር። ለዚህ ድካሙ ማንም ደመወዝ አልቈረጠለትም፤ እርሱም አልጠየቀም። ልጆቹ ለመምህራቸው እንጨት ይለቅማሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ። ወላጆችም እህል ይሰፍራሉ። እንግዲህ ያ ትምህርት ቤት የቆመው ሁሉም በየፊናው ከሚሰጠው ነበር እንጂ ከአንድ ሳጥን በሚወጣ ገንዘብ አልነበረም።

ከንባብ ቤት ወጥቶ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት የሚሄደው ልጅ አገሩን ትቶ፤ አኩፋዳውን አንግቶ፤ ለምዱን ደርቦ በየደጁ ስለ እመቤታችን እያለ ይለምናል። የማያውቀው አገር እናት ቍራሽ ታወጣለታለች፤ ውሻም ያባርረዋል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የሰውን እጅ ሲያይ የኖረ ተማሪ፤ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪዎቹ ከሕዝቡ እህልና ጌሾ ይሰበስባሉ፤ ጠላ ይጠምቃሉ፤ ዳቦ ይደፋሉ፤ ያበላቸውንም ሕዝብ ጠርተው ያስተናግዳሉ። የመንደሩም ሕፃናት በዋዜማው ችቦ ያበራሉ፤ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ዞረው ሙልሙል ይቀበላሉ። ዛሬ ለማኝ የነበረ ነገ ጋባዥ እንደሚሆን፤ ጋባዡም ከሌላው እጅ በተሰበሰበው እንደሚጋብዝ፤ ልጁ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከበዓሉ ይማረው ነበር።

በ1900 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ ምኒልክ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፍቱ መምህራኑን ከግብፅ ክርስቲያኖች አስመጡ። ወደዚያ ከገቡት ልጆች ፊደልን አስቀድመው ከየኔታ የተማሩ ነበሩባቸው። በ1917 የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፤ በ1923ም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከ1928 እስከ 1933 ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎች ተገደሉ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፤ የሚያውቀው ለማያውቀው ያስተምር የሚለው የጥንቱ የንባብ ቤት ሥርዓት በአገር ስፋት ታየ፤ ወጣቶች በየገጠሩ ወጥተው ትልልቅ ሰዎችን ፊደል አስቈጠሩ።

እውነትን ለመናገር ግን የጥንቱ ቤት ጕድለት አልነበረውም አንልም። አለንጋው ይበዛ ነበር። ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ትርጕሙ ሳይገባው ዓመታት ያልፉ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ሴት ልጅ ከጥቂቶች በቀር በዚያ ጥላ ሥር አልተቀመጠችም። ይህን ጕድለት አዲሱ ትምህርት ቤት እያቃናው መጥቷል፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን ጕድለቱን ስንጥል መልካሙን አብረን ጥለን እንዳይሆን እንፈራለን። ዛሬ ልጃችን ለሚማረው ለውጪ ቋንቋ ገንዘብ ቈጥረን ስንሰጥ፤ ለየኔታ ቍና እህል ማውጣት ይከብደናል። በከተማም በሙልሙሉ ፈንታ ብር መስጠት ልማድ ሆኗል፤ ብር ይቀላል፤ ነገር ግን እናትና ልጅ አብረው አይጋግሩትም። ትልቁ ልጅ ታናሹን ለማስተማር ጊዜ ካጣ፤ ማንበብ ያውቃል፤ ማካፈልን ግን አልተማረም።

ስለዚህ ለደብራችን ምእመናን ሦስት ነገር እናሳስባለን። ማንበብ የሚችል ወንድና ሴት ልጅ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ታናሹን በቅጥሩ ውስጥ ያስተምር። መምህሩ በሰው ርኅራኄ ብቻ እንዳይኖር ሰበካው ቋሚ ድርሻ ይወስንለት። የደብረ ታቦርም ድግስ ተመልሶ በተማሪዎቹ እጅ ይሰናዳ፤ እኛም እንግዶቻቸው ሆነን እንቀመጥ። እንዲህ ብናደርግ በሚመጣው ኢዮቤልዩ የሚቆሙት ልጆች ስለ ሕንፃው ብቻ ሳይሆን ስላስተማራቸው እጅም የሚናገሩት አያጡም።

እግዚአብሔር የመምህራኖቻችንን ድካም ይቍጠርላቸው፤ ያለፉትንም ነፍሳቸውን ይማር፤ አሜን።