«ማንሣት» ወይስ «ማጥበቅ»? የአንገት ማስዋቢያ ቀዶ ሕክምና ስያሜ ታሪክ

የሕክምና ሰነድ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎችን ከሚያስቸግሩ ስሞች አንዱ እንግሊዝኞች «ኔክ ሊፍት» የሚሉት ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «አንገት ማንሣት» ይሆናል። ይሁን እንጂ በአማርኛ «አነሣ» ከታች ወደ ላይ ማድረግን ብቻ ሳይሆን ከቦታ ማስወገድንም ያመለክታል። «ገበታው ተነሣ» ሲባል ገበታው ከፍ አለ ብሎ የሚረዳ የለም፤ እንደዚሁም «አንገትዎ ይነሣል» የተባለ ታካሚ ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። «ቀና ማድረግ» እንበል ቢባል ደግሞ፣ አንገትን ቀና ማድረግ ከኀፍረት ነጻ መሆንን፣ አንገት መድፋትም ተቃራኒውን ስለሚያሳይ፣ ግሱ አስቀድሞ በሌላ ፍች ተይዟል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ከቀዶ ሕክምና በፊት የስምምነት ሰነድ ሲፈርም፣ ብዙ ጊዜ በእርሱና በሐኪሙ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ነው። ስያሜው በአካሉ ላይ የሚደረገውን ካላስረዳው፣ ፊርማው ፈቃድ ነው ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ስም ከማውጣታችን በፊት ድርጊቱም ስሙም ከየት እንደ መጡ መመርመር ይገባናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሙያውን ስም እንመልከት። «ፕላስቲክ» የሚለው ቅጽል ጭቃን ወይም ሰምን ቅርጽ መስጠትን ከሚያመለክተው የግሪክ ግስ የወጣ ነው። የበርሊኑ ሐኪም ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፌ በ1818 ስለ አፍንጫ መልሶ መሥራት ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ውስጥ ቃሉን ተጠቀመበት፤ ኤድዋርድ ሳይስ ደግሞ በ1838 ባወጣው የሙያ መምሪያ የዘርፉ ስም እንዲሆን አደረገው። ዛሬ ባልዲና ጀሪካን የሚሠራበት ነገር በዚህ ስም የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባክላይት የተባለው የመጀመሪያው ፍጹም ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ የተገኘው በ1907 ነውና። አማርኛ ግን ቃሉን የተቀበለው ከዕቃው ጋር ነው። ከዚህም የተነሣ «ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና» የሚለውን የሰማ ሰው ፊቱ ውስጥ ፕላስቲክ የሚገባ ቢመስለው ሊደንቀን አይገባም።

«ኮስሜቲክ» የሚለውም ታሪክ አለው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋሌኖስ ሁለት ሙያዎችን ለይቶ ነበር። የተፈጥሮን ውበት የሚጠብቀውን «ኮስሜቲኬ» ብሎ በሕክምና ውስጥ አስገባው፤ ሰው ሠራሽ ውበት የሚጨምረውን «ኮሞቲኬ» ብሎ ከሕክምና አወጣው። የዘመናችን ቃል የፊተኛውን ስም ይዞ የኋለኛውንም ሥራ ይጠቀልላል። በአገራችን ገበያ «ኮስሞቲክስ» ቅባትና ሽቶ ሆኖ ስለ ቀረ፣ «ማስዋቢያ» የሚለው የራሳችን ቃል ይሻላል እንላለን። «ቀዶ ጥገና» በሚለውም ፈንታ እዚህ ላይ «ቀዶ ሕክምና»ን መርጠናል። «ጠገነ» የተሰበረ አጥንት ወይም ያፈሰሰ ጣሪያ ይፈልጋል፤ በዕድሜ የላላ አንገት ግን አልተሰበረም። ተርጓሚ ያልተጠየቀ ፍርድ በስም ውስጥ ማስገባት የለበትም።

አሁን ወደ ራሱ ድርጊት እንለፍ። ኦይገን ሆሌንደር በ1901፣ ኤሪክ ሌክሰር በ1906 የላላ የፊት ቆዳን እንዳጠበቁ ኋላ ራሳቸው ጽፈዋል። በ1926 ፈረንሳዊቷ ሐኪም ሱዛን ኖኤል ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ማኅበራዊ ጥቅም መጽሐፍ አሳተመች። መልካቸው ስላረጀ እንጀራቸውን ያጡ ወይም እናጣለን ብለው የሚሠጉ ሴቶች እርሷ ዘንድ ይመጡ ነበርና፣ ሥራውን እንደ ቅንጦት አላየችውም። በዚያ ዘመን የሚደረገው ከጆሮ አጠገብ ጥቂት ቆዳ ቆርጦ ጠርዙን ስቦ መስፋት ነበር። ይህን አማርኛ «ወጠረ» ቢለው ከበሮን ያስታውሳል፤ በእውነትም ያን የመሰለ ሥራ ነበር። ቆዳ ግን ብቻውን ቢወጠር ውሎ አድሮ ይላላል።

ለውጡ የመጣው ትኩረቱ ከቆዳ ወደ ጡንቻ ሲሻገር ነው። ከደረት ላይኛው ክፍል ተነሥቶ በአንገት ፊት እስከ መንጋጋ የሚዘረጋ ስስ ጡንቻ አለ። ዕድሜ ሲገፋ የግራና የቀኝ የፊት ጠርዞቹ ላልተው ከአገጭ ሥር እንደ ሁለት ገመድ ጎልተው ይታያሉ። የኡፕሳላው ቶርድ ስኩግ በ1974 ባወጣው መጽሐፍ ቆዳውንና ይህን ጡንቻ ሳይለያይ አብሮ የሚስብበትን ዘዴ አስረዳ። በ1976 ፈረንሳውያኑ ሚትዝና ፔይሮኒ ከዚሁ ጡንቻ ጋር የሚያያዘውን የፊት ሽፋን በዝርዝር ገለጹ። አሜሪካዊው ጆል ፌልድማን ደግሞ በ1990 ከአገጭ ሥር ከፍቶ ሁለቱን ጠርዞች ከመሐል ገጥሞ መስፋትን «ኮርሴት» በሚል ስም አቀረበ፤ አሰፋፉ የጫማ ክር ሲጠብቅ የሚታየውን ይመስላል። ስብ መቀነስ ሲያስፈልግም በዚያው ቀዳዳ ይከናወናል። ድርጊቱ እንዲህ ሲለወጥ የእንግሊዝኛው ስም ባለበት ቀረ።

የሊቃውንቱ ስም ከዚህ የተሻለ አይደለም። «ሪቲዴክቶሚ» ማለት በግሪክኛ መጨማደድን ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ነገር ግን መጨማደድን የሚቆርጥ የለም። ሌሎች ቋንቋዎች ብልሃተኞች ናቸው። ጀርመንኛ «ሽትራፉንግ» ማለትም ማጥበቅ ይላል፤ ዐረብኛ «ሸድ» ይላል፤ ዕብራይስጥ «ሜቲኻ» ማለትም መወጠር ይላል። በእስራኤል የሚሠሩ አስተርጓሚዎቻችን ይህን የመጨረሻውን እንዳለ ቢወስዱ የቆየውን የቆዳ ብቻ ሥራ እንደሚያስታውሱ ልብ ይሏል። ፈረንሳዮች «ሊፍቲንግ»ን በ«ሊሳዥ» ማለትም በማለስለስ እንዲተኩ መዝገበ ቃላቶቻቸው ቢመክሩም፣ ሕዝቡ የለመደውን አልተወም።

እኛ «ማጥበቅ»ን እንመርጣለን። የዐረብኛው «ሸድ» «ሸዳ» የተባለው የማጥበቂያ ምልክት የወጣበት ሥር ነው፤ የእኛም ሰዋስው ፊደል ይጠብቃል፣ ይላላል ይላል። ቆዳም ይላላል፣ ይጠብቃል። «ጠበቀ» ዘብ መቆምን ስለሚያመለክት ግራ ያጋባል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ በንኡስ አንቀጹ «መጥበቅ»ና «መጠበቅ»፣ በአድራጊውም «ማጥበቅ»ና «ማስጠበቅ» በጽሑፍ እንኳ ስለሚለያዩ አያሠጋም።

የጡንቻው ስም ይቀራል። «ፕላቲዝማ» በግሪክኛ ዝርግ ነገር ማለት ነው፤ ጋሌኖስም ጡንቻውን የገለጸው በዚህ ቃል ነበር። «ዝርግ ሳሕን» የሚል ቋንቋ «ዝርግ ጡንቻ» ለማለት ምንም አያግደውም። በስምምነት ሰነድ ላይ እንግዲህ፦ «የላላውን የአንገት ቆዳና ዝርግ ጡንቻ (ፕላቲዝማ) በቀዶ ሕክምና ማጥበቅ» ተብሎ ይጻፍ። ከዚያም ሥር ደም ከቆዳ በታች ሊጠራቀም እንደሚችል፣ ወደ ጆሮ የሚሄደው ነርቭ ቢነካ የጆሮ ጫፍ ሊደነዝዝ፣ የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው ቢነካም አፍ ሊጣመም እንደሚችል፣ ውጤቱም የዕድሜ ልክ እንዳልሆነ በተራ አማርኛ ይብራራ። ለእነዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገንም።