ከምንጩ እስከ ቦኖው፦ የገጠር ውኃ ቦይና የተቀበረ ቅርስ በምዕራብ ደቡብ ወሎ

በማሻና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ለገጠር ውኃ ሲዘረጋ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከምንጭ ነው። ምንጩ ይጎለብታል፣ ማጠራቀሚያ ይሠራለታል፣ ከዚያ ቦዩ ቁልቁል እስከ ቦኖው ይወርዳል። ቦዩ ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱም ከአንድ ሜትር እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ ለቅርስ የሚያሰጋ አይመስልም። ዳሩ ግን ሰፈሩም፣ ገዳሙም፣ ጸበሉም ውኃውን ተከትለው የተተከሉት ከመሐንዲሱ እጅግ ቀድመው ነው። ቁፋሮው የሚጀመረው ሰው ረጅም ዘመን በኖረበት ጫፍ ላይ ነው።

አገሩ የጥንቱ አምሐራ ነው። ዓፄ በእደ ማርያም (1468–1478 እ.ኤ.አ.) ያሠሩት አትሮንሰ ማርያም፣ ዓፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ፣ ሁለቱም በ1531 እ.ኤ.አ. በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጥለዋል። ወደ ደቡብ፣ መንዝ ላይ፣ የሻይ ባህል የሚባሉት የ10ኛው–14ኛው ክፍለ ዘመን የመቃብር ጉብታዎች አሉ፤ ላላወቀ ሰው ከማሳ የተለቀመ የድንጋይ ቁልል ናቸው።

እዚህ እንደ አክሱም ራሱን የሚያስተዋውቅ ሐውልት አይጠበቅም። የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ከመሬት በታች ስስ የአመድ መስመር፣ የከሰል ፍርፋሪ፣ እሳት ያቀላው አፈር ነው። ኤክስካቫተሩ ሁለት ጊዜ ዛቅ ሲያደርግ አለቀለት። መረሬ ላይ ደግሞ ይብሳል፦ አፈሩ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ስለሚያብጥ የሸክላ ገሉን ከነበረበት ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ቁፋሮውን የሚከታተል የቅርስ ባለሙያ የቦዩን ግድግዳ ፋቅ እያደረገ የአፈሩን ቀለም ማንበብ አለበት።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከበው እንዲጠብቅ ያዝዛል። ደግ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን የጫነው በአግኚው ላይ ነው። ኦፕሬተሩ አመዱን «አመድ ነው» ብሎ ካለፈው፣ በሕግ ዓይን ምንም አላገኘም።

ቁፋሮውን ባለሙያ ሲከታተለው ግን ውጤቱ ሌላ ነው፦ ከቻድ እስከ ካሜሩን ባሕር ዳርቻ በተዘረጋው 1,070 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ቱቦ ላይ አርኪኦሎጂስቶች ሥራውን ተከትለው ከ400 በላይ ጥንታዊ ቦታዎችን መዝግበዋል። ለአንድ ወረዳ ያን ያህል ሠራዊት አያስፈልግም (በጀቱስ ከየት ይመጣል?)። መስመሩ ሳይቀየስ በፊት ከሽማግሌዎች ጋር አብሮ መሄድ፣ ያረጀ የጽድና የወይራ ዐጸድ የቆመበትን፣ «የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን» የሚባለውን ቦታ በካርታ ላይ ማስፈር ርካሽ ነው። በእነዚያ ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ቁፋሮው በዶማና በአካፋ ቢሆን፣ ማሽኑ የሚቆምበት ሰዓት ክፍያም አስቀድሞ በውሉ ቢገባ፣ ባለሙያው «ቁም» ሲል ተቋራጩ አይሟገተውም። ጊዜውም አጭር ነው፦ ቱቦው ከገባ በኋላ ቦዩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይደፈናል።