የቫርና ሌሊት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሁለት ኃያላን ተጋጥመው እኩል ለእኩል ተለያዩ ሲባል የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ፥ «እንግዲያስ ምን የሚተረክ ነገር አለ» ብሎ ፊቱን ይመልሳል። ዳሩ ግን በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1962 ዓመት፥ በቡልጋርያ አገር በቫርና ከተማ በተደረገው የሰንጠረዥ ኦሊምፒያድ፥ የሶቪየቱ ሚኻኢል ቦትቪኒክና አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር የተጫወቱት ጨዋታ እንዲህ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ቦትቪኒክ በዚያን ጊዜ የ51 ዓመት ሰው፥ በሙያቸው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፥ በሰንጠረዥም የዓለም ሻምፒዮን ነበሩ። ፊሸር ገና የ19 ዓመት ጐበዝ ነው። ነጩን የያዙት ቦትቪኒክ ናቸው፤ የመክፈቻውንም መንገድ ቤታቸው ተቀምጠው አስቀድመው አጥንተውት ነበር። ነገር ግን በ17ኛው እርምጃ ወጣቱ በንግሥቱ አንድ ወታደር በላ፤ ታላቁ ሰው በጥናታቸው ሳያዩት የቀሩት ይህንኑ ነበር! የደከሙበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ጨዋታው ለዚያ ቀን ሲቋረጥም አንድ ወታደር ጐድሏቸው፥ የሚሸነፉ ይመስሉ ነበር።

የዚያ ዘመን ደንብ ያላለቀውን ጨዋታ ያሳድረዋል። ተራው የደረሰው ተጫዋች ቀጣዩን እርምጃ ጽፎ በፖስታ ያሽጋል፤ እስኪቀጠልም ድረስ ከወዳጆቹ ጋር ሊመረምር ይችላል። በዚያ ሌሊት ከቦትቪኒክ ቡድን አንዱ የሆነው ኢፊም ጌለር፥ ግንብ ከግንብ ጋር በቀረበት በዚያ በጠበበ አቋም፥ የማምለጫ መንገድ አገኘላቸው። (እኔስ የዚህ ጨዋታ ጀግና ማን ነው ብባል ጌለርን መጥራት ይቃጣኛል፤ በውጤቱ ወረቀት ላይ ግን ስሙ አልተጻፈም።)

ጨዋታው ሲቀጠል ፊሸር በ51ኛው እርምጃ አንዱን ወታደር ያለ ጊዜው ገፋ። ሌሊቱን የተመረመረውም መንገድ ያን ጊዜ ተከፈተ፤ በ68ኛው እርምጃ እኩል ሆነው ተለያዩ።

ነገሩ ለፊሸር አልዋጥ አለው። በ1969 በታተመው የጨዋታዎቹ መጽሐፍ ውስጥ፥ ማሸነፍ ይችል እንደ ነበረ እርምጃ በእርምጃ አሳየ። ቦትቪኒክም ዝም አላሉም፤ አቋሙን ለሚያስተምሯቸው ልጆች እንዲመረምሩት ሰጡ። ከነዚያም አንዱ፥ የ13 ዓመቱ ጋሪ ካስፓሮቭ፥ ፊሸር በጻፈው መንገድ ነጩ የሚድንበትን እርምጃ አወጣ።

ፊሸር በ1972፥ ካስፓሮቭ በ1985 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ቦትቪኒክና ፊሸር ግን ከቫርና ወዲህ በአንድ ገበታ ፊት ለፊት ለውድድር አልተቀመጡም።