የጠቢቡና የጦረኛው ሚዛን

ተረት ለሁሉም እኩል አያድልም። ጠቢቡ በአንድ ቃል ተራራ ሲንድ፣ ጦረኛው ያለው ክንዱና ጎራዴው ብቻ ነው። አንባቢ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም የተረቱ ጣዕም ከዚህ ይመነጫል። ነገር ግን አራት አምስት ወዳጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው እየተናገሩና እየወሰኑ ተረቱን በጋራ ሲፈጥሩትስ? አንዱ ተራራ ሲንድ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ችቦ ይዞ ሊቆም ነው?

ጥያቄው ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታው ሁለት ወላጆች አሉት፦ በትናንሽ ምስሎች የሚካሄደው የጦርነት ጨዋታና የቅዠት ልብ ወለድ። ከመጀመሪያው ቁጥርንና ሚዛንን፣ ከሁለተኛው ተረትን ወረሰ። ሁለቱ ውርሶች ግን ሁልጊዜ አልተስማሙም።

አንዳንድ ጊዜ ተስማምተዋል። ጃክ ቫንስ በ1950 በታተመ መጽሐፉ የፈጠራቸው አስማተኞች ድግምታቸውን በብዙ ድካም ያጠናሉ፤ አንዴ ከተናገሩት ግን ከአእምሯቸው ይጠፋል። ጋይጋክስ ይህንን ሐሳብ ወስዶ ሕግ አደረገው። ደራሲው ለተረቱ ያበጀው ነገር ለጨዋታው ልጓም ሆነ። በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ጀማሪ አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ አለው፤ ጥሩር አይለብስም፤ የሕይወቱ ነጥብም በዳይስ ከ1 እስከ 4 ነው፤ የጦረኛው ግን እስከ 10 ይደርሳል። አስማተኛው ከሞት ተርፎ ከበሰለ በኋላ ግን የሚስተካከለው አይገኝም። ሚዛኑ በጊዜ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ዛሬ የተናቀው ነገ ይከበራል። ችግሩ ያ «ነገ» ሲደርስ ጦረኛው አጃቢ ሆኖ መቅረቱ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሚዛን ተረትን ተጋፋ። የቶልኪን ኤልፎች በዕርጅና የማይሞቱ፣ በጥበብም ከሰው የላቁ ናቸው። በ1974ቱ ሕግ ግን ኤልፍ በጦረኝነት ከ4ኛ፣ በአስማት ከ8ኛ ደረጃ አያልፍም፤ ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። ዘመናትን የኖረ ፍጡር በትናንት ጎረምሳ የሚበለጠው ለምንድን ነው? ከልብ ወለዱ ለዚህ መልስ አይገኝም። ምክንያቱ ከተረቱ ውጭ ነው፦ ገደቡ ባይኖር ሰው መሆንን ማን ይመርጣል? ይህ ገደብ የተነሣው በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው።

በ2008 አራተኛው እትም ጉዳዩን ከሥሩ ለመፍታት ሞከረ። ለጦረኛውም ለአስማተኛውም ችሎታ በአንድ ቅርጽ ተሰፈረ፦ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ በአንድ ፍልሚያ አንዴ የሚሠራ፣ በቀን አንዴ የሚሠራ። ጦረኛው ከአስማተኛው ጎን ቀና ብሎ ቆመ፤ በዚህ የተደሰቱ ብዙዎች ነበሩ። ሌሎች ግን ጎራዴውና ድግምቱ አንድ ዓይነት ጣዕም ያዙ ብለው አዘኑ። በ2009 በቀድሞው ሕግ ላይ ተመሥርቶ የወጣው «ፓዝፋይንደር» ብዙዎቹን ሰበሰበ። የ2014ቱ አምስተኛው እትምም የሙያዎቹን ልዩነት መለሰ።

ሌላ መንገድ ግን አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር። ጆናታን ትዊትና ማርክ ሬን-ሃገን በ1987 ያወጡት «አርስ ማጂካ» አስማተኛው ከሁሉም እንደሚበልጥ ሳይደብቅ ይናገራል። ሆኖም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አስማተኛና አንድ ባልንጀራ አለው፤ ጠባቂዎቹና አገልጋዮቹም የጋራ ናቸው። ዛሬ አንቺ አስማተኛ ብትሆኚ እኔ ጋሻ ጃግሬሽ እሆናለሁ፤ ነገ ተራው የእኔ ነው። ተረቱ አድልዎውን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ተጫዋቾቹ ግን በተራ ይካሳሉ።

ቶልኪን ራሱ በ1954 እና 1955 ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ጋንዳልፍን ጠቢቡንና ሳምን አትክልተኛውን በኃይል አላስተካከላቸውም። ለአትክልተኛው የሰጠው ጠቢቡ የሌለበትን መንገድ ነው። በመጨረሻው አቀበት ላይ ጌታው ፍሮዶ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ሳም በጀርባው አዝሎት ይወጣል። በዚያች ሰዓት አንባቢው ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብሎ አይጠይቅም። የጨዋታ ሠሪዎች ሃምሳ ዓመት የደከሙት ይህችን ሰዓት በጠረጴዛው ዙሪያ ለተቀመጠ ለእያንዳንዱ ሰው ለማዳረስ ነው።