ዱሲት

ዱሲት በታይ ቋንቋ ከቡድሂዝም ስድስቱ የስሜት ዓለም ሰማያት አራተኛው የሚጠራበት ስም ነው። ቃሉ የተወረሰው የቴራቫዳ ቡድሂዝም ቅዱሳት መጻሕፍት ከተጻፉበት ከፓሊ ቋንቋ ሲሆን፣ በፓሊ «ቱሲታ» ይባላል፤ እርካታንና ደስታን ያመለክታል።

በእምነቱ መሠረት ጎታማ ለመጨረሻ ጊዜ በምድር ተወልዶ ቡድሃ ከመሆኑ በፊት የኖረው በዚህ ሰማይ ነው። ወደፊት የሚመጣው ቡድሃ፣ ሜቴያ፣ ጊዜው እስኪደርስ በዚያው ይጠባበቃል። የዱሲት አንድ ቀን 400 የሰው ዓመታት ያህላል። የነዋሪዎቹ ዕድሜ 4,000 ሰማያዊ ዓመታት ሲሆን በምድር ስሌት 576 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። ሆኖም ኑሮው ዘላለማዊ አይደለም፤ የመልካም ሥራቸው ፍሬ ሲያልቅ ሌላ ልደት ይጠብቃቸዋል።

የታይ ነገሥታት ስሙን ለታላላቅ ሕንጻዎቻቸው ሰጥተዋል። በባንኮክ ታላቁ ቤተ መንግሥት የሚገኘው፣ በቀዳማዊ ራማ ዘመን የተሠራው የዱሲት ማሃ ፕራሳት አዳራሽ የነገሥታት አስከሬን ለስንብት የሚያርፍበት ነው። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 አውሮፓን ጎብኝተው ሲመለሱ ያሠሩት ሰፊው የዱሲት ቤተ መንግሥትም ዙሪያውን ላለው የባንኮክ ክፍለ ከተማ ስሙን አውርሷል። ልጃቸው ቫጂራቩድ በ1918 በዚሁ ግቢ «ዱሲት ታኒ» የተባለች፣ የራሷ ሕግና ጋዜጦች የነበሯት ትንሽ የሞዴል ከተማ መሥርተው የዴሞክራሲን አሠራር ሞክረውባታል።